የእትዬ አልማዝ ኮምፒዩተር እምቢ ያለበት ሳምንት

ሰኞ፣ ግንቦት 2 ቀን 1991

አሁንም ይዞራል። የመሥሪያ ቤታችንን የዌብሳይት አድራሻ ጽፌ ስጫነው ስክሪኑ ብልጭ ይላል፣ ነጭ ይሆናል፣ እንደገና ብልጭ ይላል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ሌላ ነገር አላሳየኝም። ግን አልተናደድኩም። እሺ፣ ትንሽ ተናድጃለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፣ በኋላ እኔው ራሴ እንዳልረሳው። የምሠራው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካለ ዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ ነው። የተቀጠርኩት በታይፒስትነት ነው። ዌብሳይት መሥራት የተማርኩት ከወፍራም መጽሐፍና ከራሴ ግትርነት ነው። ባለቤቱ አቶ ከድር ዌብሳይት ሊያሠሩ ከአንድ የናይሮቢ ድርጅት ጋር ሲነጋገሩ ሰምቼ፣ ሳላስበው «እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። አቶ ከድር አልሳቁም። «ግንቦት 7፣ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ሸሪኮቼ ይመጣሉ። ያኔ ከተከፈተልሽ ሥራው ያንቺ ነው፤ የታይፕ ወንበሩን ትለቂያለሽ። ካልተከፈተ ለናይሮቢዎቹ እሰጣለሁ፣ አንቺም ወደ ታይፕሽ» አሉኝ። ፍትሐዊ ነው። ታይፑን ግን አልፈልገውም። አራት ዓመት የሌላ ሰው ደብዳቤ መትቻለሁ፣ ይበቃኛል።

ኢንተርኔቱ ያለው አቶ ከድር ክፍል ብቻ ነው፣ እሱም በስልክ መስመር እየተንፏቀቀ። ስለዚህ ለጊዜው ሁሉንም ነገር እዚሁ ቢሮ ውስጥ፣ በገመድ በተያያዙት ሦስት ኮምፒዩተሮች ላይ አደርገዋለሁ። ዌብሳይቱ የተቀመጠው የእኔ ላይ ነው። ሁለቱ ኮምፒዩተሮች አድራሻውን ሲጠሩ ወደ ውጭ ሳይሄዱ ወደ እኔ ይመጣሉ። ቢያንስ ሐሳቡ እሱ ነው።

መዞሩ ለምን እንደሆነ ከምሳ በኋላ ያዝኩት። አድራሻው ሁለት ዓይነት ነው፤ ከፊቱ ሦስቱ ደብልዩ ያለውና የሌለው። ባለፈው ሳምንት የሌለውን ሲጽፉ ወዳለው እንዲሄድ አዘዝኩ። ቅዳሜ ደግሞ የቅዳሜ ጭንቅላት ይዞኝ ያለውን ሲጽፉ ወደሌለው እንዲሄድ አዘዝኩ። ሁለቱ «አንተ ቅደም፣ የለም አንተ ቅደም» ሲባባሉ ነው የዋሉት። አንዱን ትእዛዝ ሰረዝኩ፣ ተከፈተ። ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ያለቀ፦ መዞሩ።
የቀረ፦ የእትዬ አልማዝ ኮምፒዩተር። የጉምሩክ ሰነድ ክፍሉ ኮምፒዩተር። ሥዕሎቹ ከባድ ናቸው። የቅዳሜ ልብስ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 3

እትዬ አልማዝ የአቶ ከድር ጸሐፊ ናቸው። ሰባት ዓመት አብረዋቸው ሠርተዋል፣ ከዚያ በፊት ደግሞ በመንግሥት መሥሪያ ቤት። ቅዳሜ ሸሪኮቹ የሚቀመጡት እሳቸው ክፍል ነው፤ ትልቁ ስክሪንም፣ ደህና ደህናዎቹ ወንበሮችም ያሉት እዚያ ነው። ስለዚህ የእኔ ኮምፒዩተር ላይ ቢከፈት ባይከፈት ማንም ግድ የለውም፣ ጉዳዩ የሳቸው ነው።

ጠዋት ሄድኩ፣ አድራሻውን ጻፍኩ፣ «እንዲህ የሚባል የለም» አለኝ። ከባለፈው ሳምንት ጀምሮ በስሙ ፋይል ውስጥ በደንብ ጽፌለታለሁ። ይህ ፋይል ለኮምፒዩተሩ «ይህን ስም ሲጠሩህ ወደዚህ ቁጥር ሂድ» የሚል ትንሽ ዝርዝር ነው። ፊደል በፊደል አየሁት፣ ልክ ነው። ቁጥሩም ልክ ነው። ገመዱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ። እትዬ አልማዝ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «አልተበላሸብኝም አይደል?» አሉ። «እትዬ፣ እኔ እያለሁ!» አልኳቸው።

ለካ ፋይሉን ሳስቀምጠው ፕሮግራሙ ሳልጠይቀው ስሙ መጨረሻ ላይ «ጽሑፍ ነው» የሚል ጭራ ቀጥሎለታል። ጭራው ደግሞ ስክሪኑ ላይ አይታይም። ኮምፒዩተሩ ጭራ የሌለውን ፋይል ይፈልጋል፣ እኔ ጭራ ያለውን አስቀምጬ እሱን እሰድባለሁ። ጭራውን ቆረጥኩ፣ ወዲያው ስሙን አገኘው!

ደስታዬ ግን ለግማሽ ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው ገጽ መጣና «ወደ ሙከራ ሂድ» ብሎ ወደ ድሮው አድራሻ ወረወረኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሥራውን ስጀምር ዌብሳይቱን «ሙከራ» በሚል ስም ነበር ያስቀመጥኩት፣ ትክክለኛውን አድራሻ የሚጽፍ ሰው ወደዚያ እንዲሄድም አዝዤ ነበር። የሙከራው ስም ከእኔ ኮምፒዩተር ውጭ አይታወቅም (ትናንት የእኔ ላይ የተከፈተውም ለዚህ ነው)፣ ትእዛዙን ግን ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ማንሳት ረስቻለሁ። ሮጥ ብዬ ክፍሌ ሄጄ አነሳሁት። የእኔ ላይ ሸጋ ሆኖ ተከፈተ። ተመልሼ እትዬ አልማዝ ጋ ብሞክር ግን ያው ወደ ሙከራ ይወረውረኛል።

ትእዛዙ የለም እኮ፣ በእጄ ነው ያጠፋሁት።

ግድ የለም። ገጾቹ ላይ «እስከ አምስት ደቂቃ ድረስ ያየኸውን አስቀምጥ፣ ከዚያ በኋላ አዲሱን ጠይቀኝ» የሚል ነገር አለ። ሥዕሎቹ ከባድ ስለሆኑ፣ ሰው በየገጹ እንዳይጠብቅ ብዬ ነው ያስገባሁት። አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ። አስር ጠበቅኩ። የሥራ ሰዓት አለቀና ታክሲ ያዝኩ። ከመገናኛ እስከ ጉርድ ሾላ በሰው ጉልበትና በመስኮቱ መካከል ተጨፍልቄ ስለዚሁ ሳስብ መውረጃዬን አለፍኩት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 4

ጠዋት በመጀመሪያ የሄድኩት ወደ እትዬ አልማዝ ነው። ሌሊቱን አልፎም ያው፣ ወደ ሙከራ። የጉምሩክ ሰነድ ክፍሉ ኮምፒዩተር ግን ገና አንዴ ስጫነው ተከፈተ። ስለዚህ ችግሩ የእኔ አይደለም፣ የገመዱም አይደለም። የእሱ ብቻ ነው።

የሞከርኩት፦
አጥፍቶ ማብራት (ሁለት ጊዜ)
የስም ፋይሉን እንደገና ማየት (አምስት ጊዜ)
ገመዱን ከጉምሩክ ክፍሉ ገመድ ጋር መለዋወጥ
ኮምፒዩተሩን በክፉ ዓይን ማየት

መጨረሻ ላይ ያየውን ገጽ የሚያስቀምጥበትን ጓዳ ከነኮተቱ ባዶ አደረግኩት። ተከፈተ! እትዬ አልማዝ የአውሮፕላኑን ሥዕል አይተው «አቤት፣ እንዴት ያምራል» አሉ። ኩራቴ ጣራ ነካ።

አቶ ከድርም ያኔ ገቡ። ቆመው አዩ፣ የኮምፒዩተሩን አይጥ ራሳቸው ይዘው ከገጽ ገጽ ሄዱ። የበረራ ቀኖቹን የሚያሳየውን ገጽ ወደዱት። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገር አመጡ። «ናይሮቢዎቹ አንዲት መስመር ለመለወጥ ሁለት ሳምንት ይወስዳል ብለውኛል። አንቺ እዚሁ ነሽ። ቅዳሜ ሸሪኮቼ ፊት አንድ የበረራ ቀን ለውጪ እልሻለሁ፣ ትለውጪዋለሽ። ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ እዚህ ስክሪን ላይ ማየት አለባቸው። እነሱን የሚያሳምናቸው ሥዕሉ አይደለም፣ ይሄ ነው» አሉ።

«ምን ችግር አለው» አልኩ። እውነትም ምንም ችግር የለውም። አምስት ደቂቃ ነው፣ ሻይ ከዚያ በላይ ይቆያል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 5

ችግር አለው።

ለልምምድ ያህል የጂዳን በረራ ከሐሙስ ወደ ረቡዕ ለወጥኩ። የእኔ ላይ ረቡዕ። ጉምሩክ ክፍል አምስት ደቂቃ ቆይቶ ረቡዕ። እትዬ አልማዝ ጋ ግን ሐሙስ። ከግማሽ ሰዓት በኋላም ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላም ሐሙስ። ጓዳውን ባዶ ሳደርገው ረቡዕ አለ። አርብ ብዬ ስለውጠው ደግሞ ረቡዕ ላይ ችክ አለ።

ስለዚህ ትናንት ያዳንኩት መስሎኝ በሽታው እዚያው ነበር። ይህ ኮምፒዩተር አንዴ ያየውን ገጽ አይጥልም። አምስት ደቂቃ የሚባለውን ነገር አይሰማም። ሦስቱም ኮምፒዩተሮች በአንድ ቀን የተገዙ፣ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ገጹን የሚከፍተውን ብራውዘርም ሦስቱም ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ሸሪኮቹ ፊት «ይቅርታ፣ ጓዳውን ላጽዳ» እያልኩ አይጥ ስጫን ታየኝ። ደንበኞቹስ ቤት ሄጄ ላጸዳላቸው ነው?

ከዚያ አንድ አስቀያሚ ነገር አደረግኩ። እትዬ አልማዝን «እዚህ ኮምፒዩተር ላይ የነኩት ነገር አለ? ማወቅ አለብኝ» አልኳቸው። አነጋገሬ ጥያቄ አልነበረም። እጃቸውን ከቁልፎቹ ላይ አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉ። «ሶፊያ፣ ከሥራዬ በቀር የነካሁት ነገር የለም» አሉ። ሁልጊዜ «ሶፊ» ነው የሚሉኝ። ከዚያ ወደ ደብዳቤያቸው ተመለሱ፣ እኔም ወጣሁ።

የመጀመሪያ ቀን ስመጣ የቢሮ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጀመርና እንደሚዘጋ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አቶ ከድር ለዌብሳይቱ ጊዜ እንዲሰጡኝም «ልጅቷ ትሞክር» ያሉት እሳቸው ናቸው። ዛሬ በራሴ አፈርኩ።

እፈታዋለሁ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም እንጂ እፈታዋለሁ።

አርብ፣ ግንቦት 6

እየሳቅኩ ነው የምጽፈው። ከደስታ ነው። ከእፍረትም ነው።

ጠዋት ቀጥታ እትዬ አልማዝ ጋ ገብቼ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ትናንት የተናገርኩት የሚነገር አይደለም» አልኩ። «ቁጭ በይ፣ ይቺን ደብዳቤ ልጨርስና ኮምፒዩተሩን እለቅልሻለሁ» አሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ደብዳቤው ለጉምሩክ ነው። ገና አዲስ ወረቀት ሲከፍቱ ቀኑ ራሱ መጥቶ ቁጭ አለ፦ 6/9/91።

ዘጠነኛው ወር፣ ግንቦት። ዘጠና አንድ፣ የእኛው ዘጠና አንድ። አንድም ቁልፍ አልነኩም።

«እትዬ፣ ቀኑን ማን ጻፈው?»

ፊታቸው በራ። «ራሱ ነዋ! ኮምፒዩተሩ ሲመጣ የፈረንጅ ቀን እየጻፈ አስቸገረኝ። በየደብዳቤው እሱን እያጠፋሁ የእኛን ስጽፍ አንዴ ተሳስቼ አቶ ከድር ተቆጡኝ። ከዚያ ሰዓቱ ጋ ገብቼ በእኛ አቆጣጠር አስተካከልኩት። ማንም አላሳየኝም። ወር ሲያልቅ አንዳንዴ ይስታል፣ እመልሰዋለሁ። ጥቅምት ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ ብቻ እምቢ ይላል፣ እነሱን በእጄ እጽፋለሁ። ጳጉሜንማ ተይው።»

ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን ሰዓት አየሁ። ሦስት ሰዓት ከሃያ ትላለች፣ እንደ እኛው አቆጣጠር። እሷንም አስተካክለዋታል።

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሳቸው ክፉ ሠርተው መስሏቸው ደነገጡ። እጃቸውን ይዤ አስረዳኋቸው። የእኔ ኮምፒዩተር የሚኖረው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ገጹን ሲልክ አምስት ደቂቃውን በራሱ ሰዓት ቆጥሮ «እስከ ሜይ 14፣ 1999፣ እዚህ ሰዓት ድረስ አስቀምጠው፣ ከዚያ ጠይቀኝ» ብሎ ነው የሚልከው። የእሳቸው ኮምፒዩተር ደግሞ ዛሬን ሴፕቴምበር 6፣ 1991 ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ ገጹ የሚያረጅበት ቀን ለእሱ ገና ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ይቀረዋል። ቢጠብቅ አይፈረድበትም። «ወደ ሙከራ ሂድ» የሚለውንም ማክሰኞ አንዴ ተቀበለ፣ በታማኝነት ያዘው። ከተማው ሁሉ ኮምፒዩተር ሁለት ሺህን አያውቅም ብሎ ሲጨነቅ የእኛው ገና ዘጠና አንድ ላይ ተቀምጧል።

እትዬ አልማዝ ፈገግ አሉ፣ ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «ታዲያ መልሰሽ የፈረንጅ አድርጊው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ በእጄ እጽፋለሁ። ለምጄዋለሁ።»

አይጡን ያዝኩ። ሰዓቷን ሁለት ጊዜ ተጫንኩ፣ ቀን መቁጠሪያው ተከፈተ። ቀኑንና ዓመቱን ወደ ፈረንጁ መመለስ ብቻ ነው የቀረኝ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ግን እጄ ቆመ። መጀመሪያ ያቆመኝ እውነቱን ለመናገር ፊታቸው ነው። ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። እትዬ አልማዝ ብቻቸውን ያሰቡትን ነገር ስንት ጸሐፊ አስቦታል? መርካቶ ውስጥ፣ ፒያሳ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚጽፍ ሁሉ የሚያስፈልገው የእኛ ቀን ነው። ደንበኞቻችን እነሱ ናቸው። ዛሬ የአንዱን ሰዓት ባስተካክል፣ ነገ ዌብሳይቱ ሲወጣ ስንቱ ደንበኛ የአምና በረራ ላይ ዕቃውን ሊጭን ነው?

መስኮቱን ዘጋሁት። «ይቆይ። የእኔን ነው የማስተካክለው» አልኩ።

መጀመሪያ አምስት ደቂቃውን አጥፍቼ «አሁኑኑ ያረጀ ነው» ላደርገው አሰብኩ። ግን አሁኑኑም ያው 1999 ነው፣ ለእሳቸው ሩቅ ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ሄድኩ። የበረራዎቹ ገጽና የመጀመሪያው ገጽ ያረጁት ጃንዋሪ 1፣ 1980 ነው ብዬ ጻፍኩ። የእኛ ኮምፒዩተሮች ሰዓት ከዚያ በታች አይወርድም። ማንም በየትኛውም አቆጣጠር ቢኖር ለሱ ያለፈበት ገጽ ነውና አዲሱን ይጠይቃል። ሥዕሎቹ ግን ስለማይለዋወጡ እንደተቀመጡ ይቆዩ፣ እንዲያውም ፍጥነት ነው።

ጓዳውን ለመጨረሻ ጊዜ ባዶ አደረግኩ። የጂዳን በረራ ለወጥኩ፣ ተለወጠ። እንደገና ለወጥኩ፣ ተለወጠ። ሰባት ጊዜ። በሰባተኛው እትዬ አልማዝ «በቃ ሶፊ፣ አውሮፕላኑ ደከመው» አሉ።

ሶፊ አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 7

አረንጓዴውን ቀሚስ ለብሼ ሄድኩ። ሁለቱ ሸሪኮች አራት ሰዓት ከሩብ ላይ መጡ። አንደኛው በቢሮው ስልክ ሲያወራ ነው የዋለው፣ ስለሱ የምጽፈው የለም። ሌላኛው አቶ ተክሌ ናቸው፤ መርካቶ ቢሮ ያላቸው፣ ቅመም ወደ ውጭ የሚልኩ፣ ዓይናቸው ነገር የሚፈልግ ሰውዬ።

እትዬ አልማዝ ወንበራቸውን ለቀው አድራሻውን ራሳቸው ጻፉት። ተከፈተ። አቶ ከድር «የጂዳውን ወደ ማክሰኞ አድርጊው» አሉ። ክፍሌ ሄጄ አድርጌ ስመለስ ማክሰኞ ብሏል። አቶ ተክሌ ሻያቸውን እያማሰሉ «ይቺ ቀድማ የተዘጋጀች ነች» አሉ። «እኔ የምልሽን ጻፊ። 'ተክሌ ዛሬ ቁርስ አልበላም' በይ።» አማርኛ ፊደል የለንም፣ በእንግሊዝኛ ጻፍኩት። ተመልሼ ስመጣ አቶ ተክሌ ብድግ ብለው ስክሪኑ ላይ አፍንጫቸው ሊነካ ደርሷል፣ ክፍሉ በሳቅ ፈርሷል። ባለ ስልኩም ስልኩን ዘግቶ ሳቀ።

አቶ ከድር ግን ሐሙስ ዕለት ስባዝን አይተውኛል መሰለኝ «ሐሙስ ምን ነበር ታዲያ?» አሉ።

«የእኔ ስህተት ነበር፣ ተስተካክሏል» አልኩ። ውሸት አይደለም። ሰው ሁሉ በእኔ ኮምፒዩተር ዓመት ይኖራል ብዬ ነበር።

«የእሷ ብቻ አይደለም» አሉ እትዬ አልማዝ ከኋላ። ሞቴን ተመኘሁ። «ኮምፒዩተሬን በእኛ አቆጣጠር አድርጌው፣ እሱ ነው ያስቸገራት። ወደ ፈረንጁ መልሺው ብላት እሷ እምቢ አለች።»

አቶ ከድር ፊታቸውን አጨማደዱ። አቶ ተክሌ ግን ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ቆይ፣ በእኛ አቆጣጠር? የእኔም ቢሮ እንደሱ ነው! ጸሐፊዬ ናት ያደረገችው፣ ለደብዳቤ። የእኔም ኮምፒዩተር የድሮውን በረራ ሊያሳየኝ ነበር ማለት ነው?»

«ነበር። አሁን ግን የእርስዎንም ያውቃል» አልኩና አስረዳሁ። አጭር አደረግኩት። 1980ን ስነግራቸው አቶ ተክሌ ጭናቸውን ደጋግመው መቱ። ከዚያ ወደ አቶ ከድር ዞረው «ናይሮቢ ያለ ሰው ይሄን ከየት ብሎ ያውቃል?» አሉ።

አቶ ከድር «ጎበዝ» አላሉኝም፣ የሳቸው ባሕርይ አይደለም። ሸሪኮቻቸውን እስከ በሩ ሸኙ። ሥራው የእኔ ይሁን አይሁን ሳላውቅ ብርጭቆ ስሰበስብ ቆየሁ። እንዲሁ ቆሜ መጠበቅ አቅቶኝ ነው እንጂ ብርጭቆ መሰብሰብ ሥራዬ አልነበረም። ተመልሰው ገቡ፣ ካፖርታቸውን አነሱ፣ እየወጡ ባሉበት፣ ሳያዩኝ፣

«ሰኞ እንዳትረሺ» አሉ። «ታይፕ የምትችል ጨዋ ልጅ ፈልጊልኝ።»

«እሺ» አልኩ። ሥራ ጨምረውብኝ ሄዱ ብዬ ተናደድኩ። ደረጃውን ግማሽ ወርጄ ነው ታይፒስቷን የምፈልገው በማን ቦታ እንደሆነ የገባኝ።